ከሳንቃ በር ወዲህና ወዲያ፤ በትምህርት ፖሊሲያችን ስለ ተዘነጋው የሙያዊ ቃላት ድልድይ የቀረበ ሂስ

፩. መግቢያ

ከጎንደር ወደ ሰሜን አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጣ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሳንቃ በርን ያገኛል። ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚያዘልቀው መንገድ በዚያ በኩል ነው። «በር» የሚለው ቃል በአማርኛ የቤት መግቢያ ብቻ ሳይሆን የተራራ ማለፊያም መጠሪያ እንደሆነ የታወቀ ነው።

የዚህ አካባቢ ልጅ በትምህርት ሕይወቱ ሌላ በር ይጠብቀዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአማርኛ ተከታትሎ ሲያበቃ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚቀጥለው በእንግሊዝኛ ነው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ዳባት ወርዶ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ከወላጆቹ ቤት ስንቅ እያመላለሰ የሚማር ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁለት ለውጥ በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል፤ ከቤቱ ይርቃል፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ካሰበበት ቋንቋም ይርቃል። የመጀመሪያውን ርቀት በስንቁ ይቋቋመዋል። ለሁለተኛው ግን የተዘጋጀለት ስንቅ የለም።

የማስተማሪያ ቋንቋ ጉዳይ በሀገራችን ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ «አማርኛ ወይስ እንግሊዝኛ፤ ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ» በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ለመመልከት ይሞክራል። የጸሐፊው እምነት ይህ ነው፤ ተማሪው በሩ ላይ የሚሰናከለው የእንግሊዝኛ ዕውቀቱ በማነሱ ብቻ ሳይሆን፣ በአማርኛ የያዘውን ጽንሰ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ከሚመጣለት ስም ጋር የሚያገናኝለት ሰውም መጽሐፍም በማጣቱ ነው። ከዚህ ጥፋት ውስጥ የፖሊሲ አውጪዎች ድርሻ ብዙ ቢሆንም፣ የእኛ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና የተርጓሚዎች ድርሻም ጥቂት አይደለም።

፪. ፖሊሲው የመጣበት መንገድ

ታሪኩ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አዲስ ስላልሆነ በአጭሩ ማስታወስ ይበቃል። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ በተከፈቱት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አማርኛ በመላ ሀገሪቱ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሲደረግ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲቀጥል ተወሰነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲም የሁለተኛ ደረጃውን በር በቦታው አቆይቶታል።

የአማራ ክልል ዝርዝሩ ከዚህ ጠቅላላ ሥርዓት ጥቂት ይለያል። ሒሳብና ሳይንስ ከሁለተኛ ደረጃ በፊት በእንግሊዝኛ ሲሰጡ የነበረበት ጊዜ አለ። በክልሉ ውስጥ በአዊ በአውንጊ፣ በዋግ ኽምራ በኽምጣና፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም በኦሮምኛ የሚጀምሩ ልጆች ስላሉ፣ ከዚህ በታች ስለ አማርኛ የሚባለው ነገር በእነርሱ ላይ ሲደርስ የሚከብድ እንጂ የሚቀል አይደለም።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ ለትምህርት ሚኒስቴር ጥናት ያካሄዱት ካትሊን ህዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ ያገኙት ውጤት ግልጽ ነበር፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ ከተሸጋገሩት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ይህ ለቋንቋ ባለሙያ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው፣ ልጁ ስምንት ዓመት ያከማቸው ዕውቀት በዘጠነኛው ዓመት እንዴት እንደሚወራረስ እምብዛም ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈው፣ ተማሪዎች «ፕላዝማ» ያሉት ትምህርት ሲጀመር ጥያቄው ይበልጥ ተረሳ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀውና በእንግሊዝኛ የሚናገረው የቴሌቪዥን መምህር ተማሪው «አልገባኝም» ቢለው አይሰማም፣ ወደ አማርኛ መለስ ብሎም አያስረዳም።

፫. አንድ ቃል ለሦስት ጽንሰ ሐሳብ

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ጸሐፊው ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው አካባቢ ባለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል የፊዚክስ ትምህርት ሲሰጥ ከኋላ ተቀምጦ ተከታትሎ ነበር። መምህሩ ትጉህ ናቸው። በሰሌዳው ላይ ፎርስ፣ ኢነርጂና ፓወር የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ከነቀመራቸው ጽፈው፣ ተማሪዎቹ እንዲገባቸው በአማርኛ ማብራራት ጀመሩ። ፎርስን «ኃይል» አሉት፤ ኢነርጂንም «ኃይል» አሉት፤ ወደ ፓወር ሲደርሱ ጥቂት አመንትተው «ያው ኃይል ነው» ብለው አለፉ። ከመካከለኛው ረድፍ አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና «ቲቸር፣ ሦስቱም ኃይል ከሆኑ ሦስት ቀመር ለምን አስፈለጋቸው?» ስትል ጠየቀች። መምህሩ «ለፈተናው ቀመሩን ያዙት» ብለው መለሱ። ተማሪዋ ቀመሩን ጻፈች፤ ጥያቄዋ ግን ሳይመለስ ቀረ።

መምህሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አግባብ አይሆንም። ያደረጉት ሁሉ የአማርኛን ልማድ መከተል ነው። «አየር ኃይል» ስንል ቃሉ የቆመው ለፎርስ ነው። «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል» ስንል ለፓወር ነው። «የፀሐይ ኃይል» ስንል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኢነርጂ ማለታችን ነው። በዕለታዊ ንግግር ይህ አንዳችም ችግር አያመጣም፤ ሕያው ቋንቋ በአንድ ቃል ብዙ ማለት ይችላልና። በፊዚክስ ግን የመጀመሪያው በኒውተን፣ ሁለተኛው በጁል፣ ሦስተኛው በዋት የሚለኩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቤታችን ቆጣሪ ላይ የሚመዘገበውና የምንከፍልበት ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ የፓወር ሳይሆን የኢነርጂ መለኪያ ነው። ተማሪዋ የጠየቀችው እንግዲህ የሰነፍ ጥያቄ አልነበረም፤ የሙያዊ ቃላት ሳይንስ የመጀመሪያው ሕግ፣ ማለትም ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ስያሜ፣ የት ደረሰ ብላ ነው የጠየቀችው።

መድኃኒቱ አማርኛን ማባረር ነው የሚሉ ይኖራሉ። አማርኛ ግን መለየት የሚያቅተው ቋንቋ አይደለም። ለፎርስ «ጉልበት» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ሌሎች ያንኑ «ኃይል» ይሉታል። ለኢነርጂ «አቅም» ያሉ አሉ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ግን «የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር» በማለት የባዕዱን ቃል ተቀብሎታል። ችግሩ የቃል ማጣት ሳይሆን የተስማማ ወሳኝ ማጣት ነው። አንድ ልጅ በአምስተኛ ክፍል አንዱን፣ በሰባተኛ ሌላውን፣ በሬዲዮ ሦስተኛውን እየሰማ አድጎ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ፣ የእንግሊዝኛው ቃል የሚያርፍበት የጸና መሬት አያገኝም።

«ክብደት» ሌላው ምሳሌ ነው። ልጁ በገበያ ላይ እህል ሲመዘን በኪሎ የሚነገረውን «ክብደት» ብሎ አውቆታል። የፊዚክሱ መጽሐፍ ግን በኪሎ ግራም የሚለካው ክብደት አይደለም፣ ክብደት የሚለካው በኒውተን ነው ይለዋል። በአማርኛው የሳይንስ ትምህርት «መጠነ ቁስ» የሚለውን ቃል በሚገባ ተምሮ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ቀድሞ በእጁ ይገባ ነበር፤ እንግሊዝኛው የሚጨምርለት ስም ብቻ ይሆን ነበር። ይህን ካልያዘ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይማራል፤ የማያውቀውን ጽንሰ ሐሳብ በማያውቀው ቋንቋ።

፬. በሩ ላይ የሚጣለው ሀብት

ከዚህ በተቃራኒ፣ በጥሩ ሁኔታ የተሠሩ የአማርኛ ሙያዊ ቃላት ምን ያህል እንደሚያግዙ ማየት ተገቢ ነው። አንባቢ እንዲያስተውላቸው የምንፈልገው አራት ምሳሌዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ንጥረ ነገር» ነው። የቃሉ ሥር «ነጠረ» የስሜኗን ልጅ ከእናቷ ማጀት ይወስዳታል። ንጥር ቅቤ ማለት ከእሳት ወጥቶ አተላው ተለይቶ የጠራው ነው። ከዚያ ወዲያ ሊለይ የማይችለውን መሠረታዊ ነገር «ንጥረ ነገር» ማለት ለልጁ ጽንሰ ሐሳቡን ግማሽ ያህል አስተማረው ማለት ነው። «ኤለመንት» የሚለው ቃል በጆሮው ሲገባ ግን የሚያስታውሰው ምንም ነገር የለም።

ሁለተኛው «ውህድ» እና «ድብልቅ» የሚሉት ጥንድ ነው። የተደባለቀ ጤፍና ገብስ ቢደክሙበት ይለቀማል፤ የተዋሐደ ግን እንደዚያ አይለይም። ይህን ልዩነት አማርኛ ራሱ ስለሚናገረው መምህሩ ብዙ አይደክምም።

ሦስተኛው «ሟሚ፣ አሟሚ፣ ሙሙት» የሚለው ቤተ ሰብ ነው። ሦስቱም «ሟሟ» ከሚለው አንድ ግሥ የወጡ ናቸው። የሚሟሟው ጨው፣ የሚያሟሟው ውኃ፣ ከሁለቱ የተገኘውም ውጤት በቃሉ ቅርጽ ብቻ ይለያሉ። በእንግሊዝኛም ሶሉት፣ ሶልቨንትና ሶሉሽን የሚሉት ከአንድ ሥር የመጡ ስለሆኑ፣ መምህሩ ሁለቱን ረድፎች ጎን ለጎን ቢጽፋቸው ተማሪው ስድስት ቃላትን ሳይሆን አንድን ሥርዓት ሁለት ጊዜ ያየዋል። ይህ ካልተደረገ ግን «ሶሉሽን» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «መፍትሔ» ብሎ የያዘ ልጅ፣ በኬሚስትሪው ክፍለ ጊዜ የጨውና የውኃ መፍትሔ ምን ይሆን እያለ ይቀመጣል።

አራተኛው «ብርሃን አስተፃምሮ» ነው። ቃሉ ከግዕዝ ተወስዶ የተሠራ ስለሆነ ይከብዳል ተብሎ ይነቀፋል፤ ነቀፋውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን አወቃቀሩን ስንመረምር የግሪኩን ቃል ክፍል በክፍል የተከተለ ነው። የፊተኛው ክፍል ብርሃንን፣ የኋለኛው ማጣመርንና አንድ ማድረግን ያመለክታል፤ «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውም ይህንኑ ነው የሚለው። ስለዚህ ይህን የግዕዝ ቃል በሚገባ ተንትኖ የተማረ ልጅ የእንግሊዝኛውን ቃል ሲያገኝ የቆየ ወዳጁን በሌላ ልብስ እንዳየ ሊቆጥረው ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን ሁለቱ ቃላት በአንድ ገጽ ላይ መገናኘት አለባቸው።

በሳንቃ በር ያለ ልጅ የራሱ ዕውቀትም አለው። ባቄላና አተር በደጋ ለመብሰል ረጅም ጊዜ እንደሚወስዱ ያውቃል። ምክንያቱ በከፍታው ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውኃ በ100 ሳይሆን በ89 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላ መሆኑ ነው። «ግፊት»፣ «የፍሌት ነጥብ»፣ «መጠነ ሙቀት» የሚሉትን የአማርኛ ቃላት የያዘ ተማሪ ይህን ለእናቱ ጭምር ሊያስረዳት ይችላል። እዚህ ላይ «ሙቀት» እና «መጠነ ሙቀት» የሚለው ልዩነት ሊደነቅ ይገባዋል፤ አንዱ ነገሩ፣ ሌላው የነገሩ ልክ መሆኑን ቃሉ ራሱ ያስረዳል። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ እንደ ሌለው ሆኖ በሩ ላይ ይጣላል። አዲሱ መጽሐፍ በአማርኛ የተማረ ሰው እንደሚያነበው የሚያውቅ አይመስልም።

፭. የመንገድ እንግሊዝኛና የመጽሐፍ እንግሊዝኛ

በደባርቅ እንግሊዝኛ እንግዳ ቋንቋ አይደለም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ጭላዳን፣ ዋሊያንና ቀይ ቀበሮን ለማየት ከልዩ ልዩ ሀገር ጎብኚ ሲመጣ ኖሯል። በእንግሊዝኛ የሚተዳደሩ አስጎብኚዎች ከከተማዋ ወጥተዋል። በመንገዱ ዳር የሚቆሙ ሕፃናት እንኳ ሰላምታውን፣ ዋጋውንና ስም መጠየቁን ያውቁታል። ከዚህ ተነሥቶ «የቱሪስት አገር ልጅ እንግሊዝኛ አይከብደውም» የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል።

አስተያየቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል። ካናዳዊው ምሁር ጂም ከሚንስ በ1979 እ.ኤ.አ. የዕለታዊ ንግግርን ችሎታ ከትምህርት ቋንቋ ችሎታ ለይቶ አሳይቷል። በኋላም በቶሮንቶ የስደተኞችን ልጆች መረጃ መርምሮ፣ ለመጀመሪያው ሁለት ዓመት ገደማ ሲበቃ ለሁለተኛው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት እንደሚያስፈልግ ገልጿል። እነዚያ ልጆች ከትምህርት ቤት ውጭ በጎዳናው፣ በሱቁና በቴሌቪዥኑ እንግሊዝኛ የከበባቸው ነበሩ። የእኛ ተማሪ ግን እንግሊዝኛን የሚያገኘው በአመዛኙ በክፍለ ጊዜው ብቻ ነው። ለጎብኚ ጭላዳ ሣር በሊታ መሆኑን በእንግሊዝኛ የሚናገር ወጣት፣ በሥነ ሕይወት መጽሐፉ ውስጥ ስለ ምግብ ሰንሰለት የተጻፈውን አንቀጽ ላይረዳው ይችላል። ይህ የእርሱ ጉድለት አይደለም። አንዱ ቋንቋ በፊቱ የቆመውን እንስሳ እያሳየ የሚናገር ሲሆን፣ ሌላው በቦታው የሌለውን ነገር በስያሜዎች ብቻ የሚናገር ነው።

የሀገር አቀፍ የመልቀቂያ ፈተና ውጤት እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ በቋንቋ ላይ ማላከክ ሐቀኝነት አይሆንም። ጦርነቱ፣ ወረርሽኙ፣ የፈተናው አሰጣጥ መጥበቁ፣ የመምህራንና የመጻሕፍት እጥረት እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ፈተናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የወደቀው ተማሪ ፊዚክሱን ይሁን የፊዚክሱን ቋንቋ ያላወቀው ከወረቀቱ ላይ ለመለየት አይቻልም። የምንለካውን ሳናውቅ እየለካን ነው ማለት ነው።

፮. የእኛ ድርሻ

እስከዚህ የተነቀፈው ፖሊሲው ነው። አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1972 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ከተባለ ወዲህ፣ ሙያዊ ቃላትን ማዘጋጀት ከዐበይት ተግባሮቹ አንዱ ሆኖ ቆይቷል። የዚያ ድካም ትልቁ ፍሬ በ1989 ዓ.ም. የታተመው «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት፤ እንግሊዝኛ–አማርኛ» ነው። የሥራው ስፋትና የአዘጋጆቹ ትጋት ምስጋና እንጂ ነቀፋ የሚገባው አይደለም። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ማንሣት ግድ ይላል።

የመጀመሪያው ጊዜው ነው። መዝገበ ቃላቱ በታተመበት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ በ1986ቱ ፖሊሲ ከተወሰነ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ስለዚህ ለከፍተኛው ሳይንስ የተሠሩት በርካታ ስያሜዎች የሚሰማሩበት ሜዳ ከመወለዳቸው በፊት ታጥሮ ነበር ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ ደረጃ መጻሕፍት ውስጥ የገቡት ቃላት ኖሩ፤ የቀሩት በመደርደሪያ ላይ ቀሩ።

ሁለተኛው አቅጣጫው ነው። ከርእሱ እንደምንረዳው መጽሐፉ ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ ወደ አማርኛ ይሄዳል። ይህ የተርጓሚው መንገድ ነው። ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ይዞ የአማርኛውን አቻ ይፈልጋል። ተማሪው ግን የሚጓዘው በተቃራኒው ነው፤ «ሙሙት» የሚለውን ይዞ እንግሊዝኛው ምን እንደሚለው ሊያውቅ ይፈልጋል። ለእርሱ የሚሆን፣ ከአማርኛ ተነሥቶ ወደ እንግሊዝኛ የሚሄድ፣ ለዕድሜው በሚመጥን አማርኛ ፍቺ የተሰጠበት፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር የተስማማ የሙያዊ ቃላት መዝገብ በእጁ አልገባም። መዝገበ ቃላት ስናዘጋጅ አንባቢያችን ማን ነው ብለን ስንጠይቅ እርስ በርሳችን ተያየን እንጂ ልጁን አላየነውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። ለትምህርት ቤት የሚሆን ሙያዊ ቃል የመጨረሻው ተጠቃሚ መምህሩ ነው። መምህሩ ግን ራሱ ሙያውን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። «መጠነ ቁስ» የሚለውን ቃል በኮሌጅ አልሰማውም። ስለዚህ በሰሌዳው ፊት ሆኖ ሲያብራራ ከአፉ የሚወጣው አካዳሚው የመከረበት ቃል ሳይሆን በዕለታዊ ንግግሩ ያለው ቃል ነው። ቀደም ብለን ያነሣናቸው መምህር ሦስቱን ጽንሰ ሐሳብ «ኃይል» ያሏቸው በዚህ ምክንያት ነው። ቃል ፈጥሮ ለመምህሩ አለማድረስ፣ ድልድይ ሠርቶ ከወንዙ ርቆ እንደ ማቆም ይቆጠራል።

፯. ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ አስተያየት ላይ ከሁለት ወገን ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን።

አንደኛው ወገን «ልጁ መጨረሻው እንግሊዝኛ ከሆነ ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ስያሜ ይማር፤ የአማርኛው ቃል ድርብ ሸክም ነው» ይላል። በርካታ ወላጆችም ገንዘብ ከፍለው ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች የሚልኩት ይህን አምነው ነው። ወላጅን አንነቅፍም፤ በሩን አይቶ ልጁን ያዘጋጃል። ነገር ግን ከላይ የተጠቀሰው ጥናት እንዳሳየው፣ በማያውቁት ቋንቋ ቀድመው የጀመሩት ልጆች በዚያው ቋንቋ ርቀው አልሄዱም። ሸክሙ ድርብ የሚሆነው ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ሲሰጡ ነው፤ ተገናኝተው ሲሰጡ አንዱ ሌላውን ይሸከማል። ባዕዱን ቃል መቀበል በሚሻልበት ቦታ ደግሞ ከመቀበል የሚከለክለን የለም፤ «ኦክስጅን» እና «ሞለኪውል» የአማርኛ ቃላት ከሆኑ ቆይተዋል።

ሁለተኛው ወገን «በሩን እንዝጋው፤ ትምህርቱ ሁሉ እስከ ዩኒቨርሲቲ በሀገር ቋንቋ ይሁን» ይላል። ለቋንቋ ሰው ይህ ሐሳብ ያጓጓል። የታንዛኒያ ታሪክ ግን ያስጠነቅቀናል። በዚያ ሀገር ባኪታ የተባለው የስዋሂሊ ምክር ቤት በ1967 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ለዐሥርተ ዓመታት ስያሜዎችን አዘጋጅቷል፤ ስዋሂሊም በመላ ሀገሪቱ የሚነገር ቋንቋ ነው። እንዲህም ሆኖ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቆየ። ቃላት መኖራቸው ብቻ ፖሊሲን አይለውጥም። በእኛ ሀገር ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጥባቸው ቋንቋዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ጉዳዩ በአማርኛ ብቻ የሚወሰን አይሆንም። ክርክሩ እስኪፈታ ሌላ ትውልድ በበሩ ላይ ቆሞ ሊጠብቅ አይገባም። እኛ የምንጠይቀው ከሁለቱ ወገኖች የማንኛውም ድል ቢሆን የሚያስፈልገውን ነገር ነው።

፰. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተባለው ተነሥተን አራት ሐሳቦችን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ከአምስተኛ እስከ ዐሥረኛ ክፍል በሚታተሙት የሒሳብና የሳይንስ መጻሕፍት ሁሉ መጨረሻ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድ የሙያዊ ቃላት ዝርዝር ይግባ። በታችኛው ክፍል ፍቺው በአማርኛ ወይም በልጁ የትምህርት ቋንቋ፣ በዘጠነኛና በዐሥረኛ ክፍል በሁለቱም ቋንቋ ይሁን። ይህ በየመጽሐፉ ጥቂት ገጾች እንጂ ሌላ የሚጠይቀው ወጪ የለም።

ሁለተኛ፤ የተምታቱት ስያሜዎች ይወሰኑ። ለምሳሌ ያህል «ጉልበት» ለፎርስ፣ «ኃይል» ለፓወር፣ በመሥሪያ ቤት ስም ሳይቀር የተለመደው «ኢነርጂ» ደግሞ ለራሱ ቢሆን፣ ሦስቱም በሕዝብ አፍ ያሉ ስለሆኑ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። «አየር ኃይል» የሚለው በስምነቱ ይቆያል፤ ስም ቀመር አይደለምና። የሚሻል አስተያየት ያለው ቢያቀርብ ጸሐፊው የራሱን ለመተው ዝግጁ ነው። የማይቻለው ሳይወስኑ መቀጠል ነው።

ሦስተኛ፤ የተወሰነው ቃል በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ይሰጥ። የፊዚክስ መምህር የሚሆን ሰው የሙያውን ቃላት ልጁ በተማረበት ቋንቋ ጭምር ሳያውቅ መመረቅ የለበትም።

አራተኛ፤ አዲስ ስያሜ ከመታተሙ በፊት በተማሪዎች ፊት ይፈተን። ቃሉ ለሊቃውንት ጆሮ ጥሩ መሆኑ ብቻ አይበቃም። በደባርቅ ወይም በዳባት ያለ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቃሉን ሰምቶ ምን እንደሚመስለው መጠየቅ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ያስተምራል።

ሦስቱም ኃይል ከሆኑ ሦስት ቀመር ለምን እንዳስፈለጋቸው የጠየቀችው ልጅ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቃለች። የጠየቀችው በአማርኛ ነበር፤ ማሰብ የምትችለው በእርሱ ስለሆነ። የሚመለስላት ፈተና ግን የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ፖሊሲው ከበሩ ወዲህና ወዲያ ያለውን ወስኗል፤ ልጅቷ በበሩ ስታልፍ በእጇ የምትይዘውን ማዘጋጀት ግን የእኛ ሥራ ነበር፣ አሁንም የእኛ ሥራ ነው።